ባትሪው መንገድ ላይ እንዳያልቅብን

በቅሎ ሲደክማት ታስታውቃለች። ጆሮዋን ትጥላለች፤ እግሯን ትጎትታለች፤ ጥላ ባየች ቁጥር መቆም ያምራታል። የባትሪ ብስክሌት ግን ድካሙን አይናገርም። ሲሄድ፣ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል። ያለነው ገበያ መሐል ይሁን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ቀን ይሁን ማታ፣ እሱ አይጠይቅም።

ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን አይደለም። ደርሶብን ነው። እኛ በመቂና በዝዋይ መካከል፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የምናለማ ገበሬዎች ነን። ዝዋይ ከተማ ዛሬ ባቱ ይባላል፤ የእኛ አፍ ግን የለመደውን ይጠራል። አገራችን ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ከዱሮም የተለመደ ነው። ቤንዚን በተወደደና ሰልፉ በረዘመ ጊዜ ስለ ባትሪ ብስክሌት ሰማን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የባትሪ ተሽከርካሪ ወሬ በየመንደሩ ደርሷል። እኛም ስድስት ሆነን አዋጥተን አንድ የባትሪ ብስክሌት ገዛን። በእግር ሲረገጥ ይሄዳል፤ ቀኝ እጀታው ሲጠመዘዝ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይጎትታል።

ሻጩ፣ «አንድ ጊዜ ከተሞላ 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለን። ከመንደራችን እስከ መቂ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ 40 ይሆናል። 50 ከ40 ይበልጣል። ታዲያ ምን ያሳስበናል?

አንድ ቀን የውሃ መሳቢያ ሞተራችን ተሰበረ። የቲማቲም ችግኝ ወደ ማሳ ካዛወርን ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ያን ጊዜ ሥሩ አልያዘም፤ ፀሐዩም የበጋ ፀሐይ ነው። በማግስቱ ከመካከላችን አንዱ መለዋወጫ ሊያመጣ በብስክሌቱ ወደ መቂ ገሠገሠ። ጧት ነው፤ ነፋስ የለም። አንድ ጊዜም ፔዳል ሳይረግጥ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። መለዋወጫው ቀላል ነገር ነው፤ በኪስ ይያዛል። ነገር ግን ሰው ከተማ ከወጣ ባዶውን መመለስ አይወድም። «ከመጣሁ አይቀር» ብሎ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ከኋላ ጫነ። ሻይ ጠጣ፣ ወዳጅ አገኘ፣ ጨዋታ ያዘ። ሲነሣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት መጥቶ ነበር።

አሥር ኪሎ ሜትር እንደተመለሰ ብስክሌቱ ቆመ። አሥር ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ብስክሌቱ ከነባትሪው 45 ኪሎ ነው፤ ማዳበሪያው 50። ይህን ሁሉ በክንዱ እየገፋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቱ ገባ። «ማዳበሪያውን ለምን አንዱ ቤት አላስቀመጥከውም?» ስንለው፣ «ልቤ አልችል አለ» አለን። ማታ ሞተር መጠገን አልተቻለም። በነጋታው ውሃው ማሳው ላይ ሲደርስ ከአምስቱ መደብ ሁለቱ ጠውልገው ተኝተዋል። አልተነሡም።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ነገሩን መመርመር የጀመርነው። ሻጩ ዋሽቶናል ወይስ እኛ አላወቅንበትም?

ባትሪው ስንት ይይዛል?

ባትሪ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ነው፤ ልክ ጀሪካን የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሆነ። ጀሪካን 20 ሊትር ወይም 10 ሊትር ይባላል። ባትሪስ በምን ይለካል? በላዩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ። አንዱ ቮልት ነው። ቮልት የግፊቱ ኃይል ነው፤ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ሲወርድ በኃይል እንደሚገፋ ማለት ነው። ሁለተኛው አምፔር ሰዓት ይባላል። እሱ ደግሞ የዕቃውን ስፋት ይነግረናል። ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛቸው ዋት ሰዓት የሚባለውን እናገኛለን። የባትሪው ትክክለኛ ሀብት ይኸ ነው።

የእኛ ብስክሌት አራት ባትሪዎች አሉት። እያንዳንዱ 12 ቮልት ነው፤ አንድ ላይ ሲያያዙ 48 ቮልት ይሆናሉ። አምፔር ሰዓቱ 12 ነው። እንግዲህ 48 ሲባዛ በ12፣ 576 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ምን ያህል ነው? 60 ዋት የሆነ አምፖል አንድ ሰዓት ቢበራ 60 ዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ባትሪ ያንን አምፖል ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ሊያበራ ይችላል። ብስክሌት ስትገዙ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ሁለቱን ቁጥሮች ራሳችሁ አንብባችሁ አባዙ። ቁጥር ለማንበብ የሻጭ ምላስ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ብስክሌቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ዋት ሰዓት ይበላል? የሚለው ነው። ለዚህ አንድ መልስ የለም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበት፣ በሜዳ ላይ፣ ፔዳል ሳይረግጥ፣ ፈጠን ብሎ ሲሄድ እንደ እኛ ያለው ብስክሌት በኪሎ ሜትር 14 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ሰውየው እየረገጠ፣ በእርጋታ ቢሄድ 8 ወይም 9 ይበቃዋል። ከባድ ጭነት ጭኖ፣ ጎማው ላልቶ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ግን 30 ይደርሳል። አሁን አካፍሉ። 576ን ለ9 ስናካፍል 64 ኪሎ ሜትር ነው። ለ14 ስናካፍል 41። ለ30 ስናካፍል 19። ባትሪው ያው ነው፤ መንገዱም ያው ነው። ሻጩ 50 ያለን አዲስ ባትሪ፣ ቀላል ሰው፣ ቀስ ያለ ጉዞ አስቦ ነው። ፈጽሞ ዋሽቷል አንልም። ግን ስለ ማዳበሪያው አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርነውም።

የዚያን ቀን ጉዞ በዚህ ሂሳብ እንየው። ሲሄድ 20 ኪሎ ሜትር በ14፣ 280 ዋት ሰዓት አጠፋ። የቀረው 296 ነው። ሲመለስ በ30 ሒሳብ፣ 296 የሚያደርሰው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቆመውም እዚያው ላይ ነው። ሂሳቡን ከመሄዳችን በፊት ብንሠራው ኖሮ ሁለቱ መደብ በዳነ።

ምን በላው?

ከሁሉ የሚበልጠው ሌባ የማይታየው ነው፤ ነፋስ። ሰው በእግሩ ሲሄድ አየር እንደሚገፋው አይሰማውም። ፍጥነት ሲጨምር ግን አየሩ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ፍጥነታችንን እጥፍ ስናደርግ አየሩ የሚገፋን ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ 30 ሲያደርገው ማለት ነው። ደግሞ እኛ በሰዓት 20 ስንሄድ ነፋስ በ20 ፊት ለፊት ቢመጣ፣ በጸጥታ አየር በ40 እንደሚበር ሰው አየሩ ይመታናል። ስለዚህ ነፋስ ሲገጥመን «ቶሎ ልድረስና ልገላገል» ብሎ እጀታ መጠምዘዝ ባትሪውን መጨረስ ነው። ቀስ ማለት ይሻላል። ከዚህም የሚሻለው ጊዜ መምረጥ ነው። በእኛ አገር ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አሁን በሌሊት ተነሥተን ረፋዱ ላይ እንመለሳለን። ጨዋታው ለቅዳሜ ይቆያል።

ሁለተኛው ዳገት ነው። እኛ ሜዳ ላይ ስለሆንን ብዙ አይነካንም። ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከሚበላው ከፊሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 40 ይጠጋል። ከዝዋይ ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው ወደ 500 ሜትር ግድም ሽቅብ ይወጣል። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ዕቃው አንድ ላይ 145 ኪሎ ቢሆኑ፣ ለከፍታው ብቻ 290 ዋት ሰዓት ይሄዳል። የባትሪያችን ግማሽ ማለት ነው። የመንገዱ ርዝመት ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ የደጋ ሰው የኪሎ ሜትር ሒሳብ ብቻ ይዞ አይውጣ። ዳገት ላይ ሞተሩ እያቃሰተ በጣም ቀስ ካለ ኃይሉን የሚያጠፋው በማሞቅ ነው። ያን ጊዜ በእግር ማገዝ፣ ካልሆነም ወርዶ መግፋት ይሻላል። «ቁልቁለቱ መልሶ ይሞላዋል» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ ብስክሌቶች ቁልቁለት ላይ ባትሪ አይሞሉም፤ የሚሞሉትም የሚመልሱት ጥቂቱን ነው። ቁልቁለት ጥቅሙ ሞተሩን ማሳረፉ ነው።

ጎማ ቀላል ነገር ይመስላል። በአውራ ጣት ስንጫነው ጎድጎድ የሚል ጎማ መሬቱን እያሸ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ዙር ኃይል ይበላል። ያን ቀን የእኛ ጎማ ላልቶ ነበር። ከተነፋ ወር ሆኖታል። አሁን ከጉዞ በፊት በመንፊያ እንነፋለን፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን ግን አናልፍም። ፍሬኑም ሳንይዘው ጎማውን እያሸ ሊሆን ይችላል። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር ነው። ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ ይዞታል፤ ይላላ። ካቴናውም ዘይት ይቀባ።

ሌላው አነሣስ ነው። ቆሞ የነበረ ጋሪ ለማስነሣት ፈረሱ ምን ያህል እንደሚታገል አይታችኋል። ሞተርም ከቆመበት ሲነሣ ከሁሉ የበለጠ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ በእግራችን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠን ካንቀሳቀስነው በኋላ እጀታውን ቀስ አድርገን እናዞራለን። መርገጥ ያሳፍራል የሚሉ ጎረምሶች አሉ። ጤነኛ ሰው ሳይደክመው ከ75 እስከ 100 ዋት የሚሆን ኃይል በእግሩ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሞተሩ ሜዳ ላይ ከሚፈልገው ቢያንስ ሲሶው ነው። በነጻ የተገኘ ነውና ማፈር የለብንም።

ባትሪው ሲያረጅ

ወደዚያ ቀን እንመለስ። ብስክሌቱ እንደ ቆመ ወንድማችን መንገድ ዳር ተቀምጦ አረፈ። ትንሽ ቆይቶ ሲያየው ከአራቱ መብራቶች ሁለቱ በርተዋል! ደስ አለውና ተነሣ። ጥቂት ሄዶ እንደገና ቆመ። አሁንም አረፈ፤ አሁንም መብራቱ በራ። እንዲህ እያለ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከረ።

ምን ሆኖ ነው? ባትሪ እንደ ጉድጓድ ውሃ ነው። ፈጥናችሁ ስትቀዱት ውሃው ይወርዳል፤ ስታርፉ ጥቂት ጥቂት እያለ ከጎን ይመነጫል። ነገር ግን ጉድጓዱ ሞላ ማለት አይደለም። ስለዚህ መብራቱን ቆማችሁ አትመልከቱ፤ ያታልላል። ሜዳ ላይ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ተመልከቱ። ያን ጊዜ የሚያሳየው ለእውነቱ ይቀርባል።

የተሟጠጠውን ባትሪ ደጋግሞ መቅዳት ደግሞ ይጎዳዋል። ከዚያ የከፋም አደረግን። በመንደራችን መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው ባዶውን ሰነበተ። የእኛ ባትሪ የእርሳስ ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1859 ነው። በውስጡ እርሳስና አሲድ አሉ። ባትሪው ባዶ ሲሆን በእርሳሱ ላይ እንደ ነጭ ጨው ያለ ነገር ይለብሳል። ቶሎ ከተሞላ ይሟሟል። ባዶውን ከቆየ ግን ይጠጥራል፤ ቻርጀር አያስለቅቀውም። የጠጠረበት ቦታ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ አይይዝም። ጀሪካኑ ውስጥ ድንጋይ እንደ መጨመር ነው፤ ጀሪካኑ ያው ይመስላል፤ የሚይዘው ውሃ ግን ያንሳል። ከዚያ ጉዞ በፊት በእርጋታ ስንሄድበት ከ50 በላይ ያስኬደን የነበረው ባትሪ፣ ከዚያ ወዲያ ከ40 አላለፈም። አዲስ አራት ባትሪ ለመግዛት ደግሞ ሁለት ሙክት መሸጥ አለብን።

ስለዚህ የእርሳስ ባትሪ ያለው ሰው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድም፣ ቤቱ እንደገባ ይሙላው። «እስኪያልቅ ልጠብቅ» አይበል። ለወራት የማይሠራበት ከሆነም ሞልቶ ያስቀምጠው፤ በየወሩም ይሙላው። አራቱ ባትሪዎች እንደ ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ከደከመ ሌሎቹም ከእሱ ጋር ይቆማሉ። ብስክሌቱ በድንገት አጭር ርቀት መሄድ ከጀመረ፣ ቮልት መለኪያ ያለው ባለሙያ እያንዳንዱን ለየብቻ ይለካው። አንዱ ብቻ የታመመ ሊሆን ይችላል።

ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ሌላ ነው። ለገበያ የበቃው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ሲሆን፣ መጀመሪያ ያወጣው የጃፓኑ ሶኒ ነው። ያንኑ ያህል ኃይል ይዞ ክብደቱ የእርሳሱን ሩብ ያህል ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ጠባዩም ተቃራኒ ነው። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት የሚወደው በግማሽ መሞላትን ነው፤ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ተሞልቶ በሙቀት መቀመጥ ያስረጀዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያላችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር በሊቲየም ባትሪ ላይ በፍጹም አትሰኩ። ሁለቱም «48 ቮልት» ተብሎ ይጻፍባቸዋል እንጂ የሚሰጡት ልክ አንድ አይደለም። ሊቲየም ከመጠን በላይ ከተሞላ ይቃጠላል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ውሃ የገባበት ባትሪ አይሞላም። ሣር ቤት ውስጥ፣ ልጆች ከሚተኙበት አጠገብ፣ ሌሊት ሰው ሳያየው ቻርጅ አይደረግም። የእርሳሱም ቢሆን ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ባለበት ቦታ ይሁን፤ ሻማና ኩራዝ አይቅረበው።

የሞተ የእርሳስ ባትሪ ሲገኝ እየሰበሩ እርሳሱን የሚያቀልጡ ሰዎች አይተናል። ጢሱም አፈሩም መርዝ ነው። ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በማሳ፣ በጉድጓድ ወይም በሐይቅ ዳር መጣልም እንደዚያው ነው። አሮጌ ባትሪ ሳይሰበር፣ እንደ ቆመ፣ አዲሱን ለሸጠው ሰው ወይም ለሚሰበስቡት ይሰጥ። ገንዘብም ያወጣል።

አሁን እንዴት እንሄዳለን?

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር የራሳችንን ብስክሌት መለካት ነው። ባትሪውን ሞላን። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምንጭነው ጭነን፣ ከመንደሩ ሳንርቅ፣ በኪሎ ሜትር ድንጋዩ መካከል ተመላለስንበት። ከመንደር ያልራቅነው ቢቆምም ለመግፋት እንዳንቸገር ነው። የመጨረሻው መብራት ብቻ ሲቀር አቆምን፤ ሙልጭ እስኪል አልጠበቅንም። 36 ኪሎ ሜትር ሆነ። ይህ የሻጩ ሳይሆን የእኛ ቁጥር ነው።

ከ36ቱ ሩቡን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን። ለነፋስ፣ ለተሰበረ ድልድይ፣ መንገድ ላይ ለሚገኝ በሽተኛ። የሚቀረን 27 ነው። መቂ ደርሶ መልስ ግን 40። እንግዲህ በመካከሉ መሙላት ግድ ሆነ።

የእኛ ቻርጀር 2 አምፔር የሚሰጥ ነው። 48 ሲባዛ በ2፣ 96 ነው። ጥቂቱ በሙቀት ስለሚባክን በአንድ ሰዓት 80 ዋት ሰዓት ያህል ባትሪው ውስጥ ይገባል እንበል። እየረገጥን በእርጋታ ከሄድን አንድ ሰዓት መሙላት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል። ሁለት ሰዓት 17 ያህል። የጎደለንን 13 ይሸፍናል፤ ይተርፋልም። ስለዚህ አሁን ቻርጀሩ ሁልጊዜ በከረጢት ከእኛ ጋር ይሄዳል። መቂ እንደደረስን፣ ከገበያው በፊት፣ ሻይ ቤት ገብተን «እትዬ፣ ይህችን ገመድ ልሰካ?» እንላለን። መጀመሪያ ቀን ባለቤቲቱ ቆጣሪው የሚሮጥባት መስሏት ፊቷን አጠቆረች። እኛም ሒሳቡን ነገርናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይበላል። የእኛ ቻርጀር በሦስት ሰዓት የሚወስደው፣ ምጣዷ በሰባት ደቂቃ ከምትወስደው አይበልጥም። ሣቀች። አሁን የሻይ ሒሳብ ላይ ጥቂት ጨምረን እንከፍላለን፤ እሷም ሶኬቷን ለቅቃልናለች።

በፀሐይ መሙላትም ይቻላል። 100 ዋት የሆነ የፀሐይ ሰሌዳ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን 400 ዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል። ግን ሰሌዳውን በቀጥታ ከባትሪው ማገናኘት ባትሪውን ይገድለዋል፤ በመካከል ልኩን የሚቆጣጠር መሣሪያ ያስፈልጋል። እኛ ገና አልገዛንም።

ጭነቱን በተመለከተ ተስማምተናል። ማዳበሪያ በጋሪ ይመጣል። በብስክሌቱ የሚጫነው ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ይህን ሕግ ለማስከበር ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቀናል፤ ሦስተኛም ሳይኖር አይቀርም።

ደግሞም አንድ ደብተር አለን። ብስክሌቱን የወሰደ ሁሉ ሲመለስ ይጽፍበታል፤ ቀኑን፣ የሄደበትን፣ የጫነውን፣ ነፋሱን፣ ስንት መብራት እንደቀረው። ከስድስታችን ሁለቱ መጻፍ የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ ጽሑፋቸው ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ ገጽ ቶሎ ያልቃል። ባለፈው ወር ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጠን ስናየው፣ ዱሮ ሁለት መብራት ይቀርበት የነበረው መንገድ አሁን አንድ ብቻ እንደሚያስቀር አየን። እንደገና ለካነው። 36 የነበረው 31 ሆኗል። ከ31 ሩቡ ሲቀነስ 23 ይቀራል። መቂ የምንሞላበትን ጊዜ ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት አሳደግነው፤ ለሁለቱ ሙክትም ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረናል።